የይርጋ ድምፅ

ልጅ ሳለሁ፣ ከኢትዮጵያ ድንበር ወዲህ ባለችው ሞያሌ፣ የማንያታ ሰፈር ልጆች በጋሽ መኩሪያ ደጅ ሲያልፉ ይሮጡ ነበር። እኔ ግን አልሮጥም ነበር፤ ወዴት እሮጣለሁ? እናቴ ልባሽ ጨርቅ፣ እዚህ ሚቱምባ የምንለውን፣ የምትሸጥባት የቆርቆሮ ሱቅ ከእሱ ቤት ጋር አንድ ግድግዳ ትጋራ ስለነበር፣ ከትምህርት ቤት መልስ እናቴ ሱቋን ዘግታ ወደ ቤት እስክንሄድ ያለው ጊዜዬ የሚያልፈው እዚያው ነበር። መጀመሪያ ከደጁ ራቅ ብዬ ድንጋይ ላይ፣ ቀጥሎ የበሩ መድረክ ላይ፣ እያደር ደግሞ ውስጥ ከሰል ምድጃው አጠገብ መቀመጥ ጀመርኩ።

ጋሽ መኩሪያ ያኔ ስድሳ ዓመት ያለፈው፣ ረዥምና ቀጭን፣ አንድ ትከሻው ከሌላው ዝቅ ያለ ሰው ነበር። በወጣትነቱ የጦር ሠራዊት የሬዲዮ ሠራተኛ ነበር። ወዲያ ማዶ ኢትዮጵያ ውስጥ መንግሥት ሲለወጥ እንደ ብዙዎቹ ድንበሩን በእግሩ ተሻግሮ መጣ፤ ከከተማው ውጭ በነበረው የስደተኞች ካምፕ ኖረ፤ ካምፑ ተዘግቶ ሌሎቹ በየአቅጣጫው ሲበተኑ እሱ እዚሁ ቀረ። የሚተዳደረው ሬዲዮና የእጅ ባትሪ እየጠገነ ነው። ሰው የሚያውቀው ግን በሚሰበስበው ዕቃ ነበር። ከኦቦና ከቦሪ መንደሮች ከብት ሊሸጡ የሚመጡት ቦረናዎች «አባ ሚዓ» ይሉታል፤ የዕቃ አባት ማለታቸው ነው። ሰው የጣለውን፣ የረሳውን፣ ጥሎት የሸሸውን ሁሉ ያነሣል። ሚስትም ልጅም አልነበረውም።

ቤቱ የጭቃ ቤት ነው። የፊተኛው ክፍል ሱቅ፣ የኋለኛው መኝታ ይባል እንጂ ዕቃው ከመደርደሪያው ተነሥቶ እስከ አልጋው ግርጌ ስለደረሰ ሁለቱ የት ላይ እንደሚለያዩ አይታወቅም። ከማገሩ ላይ የግመል ቃጭሎችና ጥንድ የሌላቸው ጫማዎች ተንጠልጥለዋል። ጥግ ላይ መዘውር የሌለው የልብስ ስፌት መኪና፣ በላዩ የሰጎን እንቁላል፣ ከእንቁላሉ አጠገብ በብርጭቆ ውኃ ውስጥ የተቀመጠ ሰው ሠራሽ ጥርስ ነበር። ውኃውን በየሁለት ቀኑ ይለውጥለታል። ሰባት የግድግዳ ሰዓቶች ነበሩት፤ ሁሉም ቆመዋል። እሱ ሰዓት መጠገን ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም፤ ባለቤቱ ሲያጣው የቆመ ሰዓት እንደቆመ ይቀመጥ ይል ነበር።

ከሁሉም የሚያስፈራኝ ግን የመስታወቱ ግድግዳ ነበር። በማርሳቢት መንገድ፣ መንገዱ ገና አስፋልት ሳይሆን፣ ከተገለበጡ ሎሪዎች የተነቀሉ ስፖኪዮዎችን ከላይ እስከ ታች ደርድሯቸዋል። ሲመሽና መብራት ሲጠፋ፣ መብራት ደግሞ በየማታው ማለት ይቻላል ይጠፋ ነበር፣ ጋሽ መኩሪያ ፋኖሱን ሲለኩስ በእያንዳንዱ ስንጥቅ መስታወት ውስጥ አንዲት ትንሽ እሳት ትበራለች። ከዚያ መሐል ዐይኔ በአንዱ፣ አፌ በሌላው፣ እጄ በሦስተኛው ይታያል። አንዳንዴ የእኔ ያልሆነ ፊትም ያየሁ ይመስለኝና ወደ ምድጃው ጠጋ እል ነበር።

እሱ የሚበይድበትን ብረት ፍሙ ውስጥ ይከተዋል። ብረቱ ሲቀላ አውጥቶ የመበየጃው እርሳስ ላይ ሲያሳርፈው ቀጭን ሰማያዊ ጭስ ሽቅብ ይወጣል፤ ሽታው አፍንጫ ይሰነፍጣል። ተረት የሚጀምረው ያኔ ነው፣ ቀና ሳይል፣ ዐይኑን ከሥራው ሳያነሣ። የሚያወራው ስለ ዕቃዎቹ ነበር። ዕቃ ሊገዛ የመጣም ሰው ቢሆን መጀመሪያ የዕቃውን ታሪክ ቁጭ ብሎ መስማት አለበት፤ ቸኩያለሁ ያለ ሰው ባዶ እጁን ይመለሳል።

ከሰማኋቸው ውስጥ አንዱ የእንጨት ቃጭል ታሪክ ነበር። በድርቁ ዘመን የቦሪ ሰው አንዲት ግመል ጠፋችበት። በነፋሱ ውስጥ ቃጭሏን እየሰማ ሰባት ቀን ተከተላት፤ ሲጠጋ ድምፁ ይርቃል፣ ሲቆም ይጠራዋል። በስምንተኛው ቀን ቃጭሉን አንድ የግራር ቅርንጫፍ ላይ ተሰቅሎ አገኘው። ግመል የለም፣ አጥንት የለም፣ ዱካም የለም። ሰውዬው ቃጭሉን ይዞ ወደ ጋሽ መኩሪያ መጣና «አንተ ዘንድ ይቀመጥ፤ እኔ ቤት ካደረ ያስኬደኛል» አለው። ጋሽ መኩሪያ በቃጭሉ ሆድ ውስጥ ጨርቅ ጠቅጥቆበት ነበር። ለምን ጠቀጠቅክበት ብዬ ብጠይቀው፣ «እኔም እግር አለኝ» አለኝ።

ካሴቶቹ የነበሩት አልጋው ሥር፣ በሻይ ቅጠል ሳጥን ውስጥ ነው። በካምፑ ዘመን ድምፅ የሚቀርጽ ቴፕ የነበረው እሱ ብቻ ስለነበር ስደተኞቹ ለቤተሰባቸው የሚልኩትን መልእክት እሱ ጋ መጥተው ይናገሩ ነበር። ካሴቱን ድንበር የሚሻገር ነጋዴ ይወስደዋል። ለሰው የሚደርስ አለ፤ ተቀባዩ ጠፍቶ የሚመለስ አለ። ሳጥኑ ውስጥ ያሉት እንደዚያ የተመለሱት ናቸው ብሎ ነግሮኛል። በእያንዳንዱ ላይ ስምና አገር በእርሳስ ተጽፏል። አንዳንድ ቀን፣ ጀምበር ስታዘቀዝቅና ደንበኛ ሲጠፋ፣ አንዱን አንሥቶ ያጫውተዋል። ሰዎቹ ሁሉ ደህና ነኝ ይላሉ። አሁን የት እንዳሉ ስጠይቀው ለጥቂቶቹ አገር ይጠራልኛል፤ ለብዙዎቹ ዝም ይላል።

እኔ የምወደው የይርጋን ነበር። ይርጋ የዲላ ልጅ ነው፤ ሲናገር ይስቃል። «እቴቴ፣ እኔ ነኝ፣ ይርጋ» ብሎ ይጀምራል። እናቱን ነው እቴቴ የሚለው። እግሩን ትንሽ አሞት ነበር፣ አሁን ድኗል። ከዚያ ደረቅ ሳል ሁለት ጊዜ ይስላል። የሠራችለትን ሹራብ ወባ ለሚያንቀጠቅጠው ለጎረቤት ልጅ እንደሰጠው ይነግራታልና «አትቆጪኝ» ብሎ ይስቃል። ከቤቱ ጀርባ ያለውን እንሰት ጃርት ጨርሶት እንደሆነ ይጠይቃል፤ ትንሿ እህቱ ማንበብ ጀምራ እንደሆነ ይጠይቃል። መጨረሻ ላይ ድምፁን ዝቅ ያደርግና «ማታ ማታ በሩን አትቆልፊው። አንድ ቀን ድንገት እመጣለሁ፤ አንኳኩቼ ላስደነግጥሽ አልፈልግም» ይላል። ከዚያ በኋላ ቴፑ ዝም ብሎ ይዞራል፤ ከሩቅ አውራ ዶሮ ይጮኻል፣ አንዲት ሴት ውኃ መጣ ብላ ትጣራለች፣ ያልቃል። ይህን ስንት ጊዜ እንደሰማሁት አላውቅም። ከእሱ ጋር እየሳልኩ፣ ከእሱ ጋር እየሳቅሁ፣ ቃል በቃል በቃሌ ያዝኩት።

የአራተኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ ለትምህርት ቤታችን በዓል የምዘምረው የስዋሂሊ መዝሙር ተሰጠኝ። ድምፄ እንዴት እንደሚሰማ ማወቅ አማረኝ። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ጋሽ መኩሪያ ባትሪ ድንጋይ ሊገዛ ወደ ኢትዮጵያው ሞያሌ ሲሻገር ቤቱን እንድታይለት ለእናቴ አደራ ብሏት ሄደ። እናቴ ከደንበኞቿ ጋር ስትነጋገር እኔ ገባሁና የቴፑን ቀይ ቁልፍ ተጫንኩ። መዝሙሩን እስከ መጨረሻው ዘመርኩ። ደስ ስላለኝ ደገምኩት። ከዚያ እንደ ሬዲዮ ጋዜጠኛ የእናቴን ሸቀጥ ዋጋ ዘረዘርኩ፣ የክፍሌን ልጆች ስም ጠራሁ። ቴፑ ውስጥ ካሴት መኖሩን አይቻለሁ፤ የማን ካሴት እንደሆነ ግን አላየሁም፤ ማየትም ትዝ አላለኝም።

መልሼ ሳጫውተው ድምፄን ሰማሁ፤ ወደድኩት። መዝሙሩ አለቀ፣ ሁለተኛው አለቀ፣ የክፍሌ ልጆች ስም አለቀ፣ ቀጭ የሚል ድምፅ ተሰማ። ከዚያ አውራ ዶሮ ጮኸ። ሴትዮዋ ውኃ መጣ ብላ ተጣራች።

የዘመርኩት በይርጋ ካሴት ላይ ነበር። ወደ ኋላ መለስኩት፣ ወደ ፊት አሳለፍኩት፣ ገለበጥኩት። ይርጋ የለም። ካሴቱን ወደ ሳጥኑ መለስኩና እናቴ አጠገብ ሄጄ ጨርቅ ማጠፍ ጀመርኩ። ምን ሆነሽ ነው እንዲህ የታዘዝሽው ብላ ሳቀችብኝ።

ለማንም አልተናገርኩም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ይርጋ ይከተለኝ ጀመር። ክፍል ውስጥ ልጆች ሲስሉ የእሱ ሳል መስሎኝ እዞራለሁ። ጋሽ መኩሪያ ቤት ስገባ ከስፖኪዮዎቹ በአንዱ ውስጥ ሹራብ የለበሰ ሰው የማይ ይመስለኛል። ጋሽ መኩሪያ ካሴት ሊያነሣ ወደ አልጋው ባጎነበሰ ቁጥር፣ ጋሼ ተረት ይሻላል እለው ነበር። እሱም ተረቱን ይቀጥላል። ሁለት ወር ያህል እንዲህ አለፈ።

አንድ ቀን ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ግድም አንዲት በጣም ያረጁ ሴት በጎልማሳ ሴት ልጃቸው ተደግፈው መጡ። እማማ ዘነበች ይባላሉ። የይርጋ እናት ነበሩ፤ ደግፋቸው የመጣችው ትንሿ እህቱ ናት። ሬዲዮ ሊያሠራ ገብቶ የጋሽ መኩሪያን ተረት የሰማ አንድ የሎሪ ሹፌር ሳጥኑ ውስጥ የይርጋንና የዲላን ስም አይቶ ነው የነገራቸው። ከዲላ ተነሥተው ሁለት ቀን በመኪና ተጉዘዋል። እናቴ የራሷን በርጩማ አመጣችላቸው። እኔ መድረኩ ላይ ቀረሁ። ልሸሽ ፈልጌ ነበር።

እማማ ዘነበች ወዲያው ካሴቱን አልጠየቁም። መጀመሪያ የራሳቸውን አወሩ። ይርጋ ከሄደ በኋላ ከትንሿ ልጃቸው ጋር ብቻቸውን ስለቀሩ ጀምበር ስትጠልቅ በሩን በሁለት ጓጉንቸር ይቆልፉ ነበር። አንድ ምሽት፣ ክረምት ነበር፣ ሰው አንኳኳ። ዝናቡ ከባድ ነው። ማነው ቢሉ መልስ የለም። ፈርተው አልከፈቱም። ሲነጋ ደጁ ላይ ማንም አልነበረም። በኋላ ልጅዎ በስደት ሞቷል የሚል ወሬ ደረሳቸው፤ መቼ እንደሞተ የሚያውቅ ግን አልተገኘም።

«ይህን ሁሉ ዓመት አንድ ነገር ብቻ ነው የምጠይቀው» አሉ ጋሽ መኩሪያን። «እሱ ይሆን ያንኳኳው?»

ጋሽ መኩሪያ የያዘውን ብረት አስቀመጠና ያንኳኳው በየትኛው ዓመት ክረምት እንደሆነ ጠየቃቸው። ነገሩት። ይርጋ ከዚያ ክረምት አስቀድሞ፣ በበጋው፣ ደረቱን ታሞ ካምፕ ውስጥ እንደሞተና ከቀበሩት ሰዎች አንዱ እሱ እንደነበረ ቀስ ብሎ ነገራቸው። «እሱ አልነበረም፣ እናቴ» አላቸው።

የአሮጊቷ ትከሻ ሲወርድ አየሁ፤ ተሸክመውት የኖሩትን ነገር ያስቀመጡ ያህል። አለቀሱ፤ ግን ፊታቸው ቀለል ብሎት ነበር። እንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠርገው አሁን ድምፁን አሰማኝ አሉት።

ፋኖሱ በርቷል። ጋሽ መኩሪያ ካሴቱን አውጥቶ አቧራውን በእጅጌው ጠርጎ ከተተው። እማማ ዘነበች ወደ ቴፑ ጎንበስ አሉ። ከውስጡ የአንዲት ልጅ መዝሙር ወጣ።

እስከ ዛሬ ያንን መዝሙር መስማት አልችልም። ጋሽ መኩሪያ ቶሎ አላጠፋውም፤ ያልገባው ይመስል ጥቂት አዳመጠ። ከዚያ አጠፋውና ወደ እኔ ዞረ። አልተቆጣም። አንቺ ነሽ ብሎ ጠየቀኝ፤ አዎ አልኩ። እናቴ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። የይርጋ እህት ምን ሆነ፣ ምን ሆነ ትላለች። እናቷ ግን ቴፑን ያያሉ፤ ልጃቸው ገና ከኋላ እንደሚመጣ ሁሉ።

«እኔ እችለዋለሁ» አልኩ። «ሁሉንም በቃሌ እችለዋለሁ።»

ጋሽ መኩሪያ አጠገባቸው እንድቀመጥ በእጁ አሳየኝ። ተቀመጥኩ። ዐይኔን ጨፈንኩና «እቴቴ፣ እኔ ነኝ፣ ይርጋ» አልኩ።

የአሮጊቷ እጅ ጉልበቴን ያዘኝ። በሕይወታቸው እቴቴ ብሎ የጠራቸው እሱ ብቻ እንደነበር በኋላ ነው የሰማሁት። ቀጠልኩ። የእግሩን ነገር ነገርኳቸው፤ ሁለት ጊዜ ሳልኩ፤ ስለ ሹራቡ ነገርኳቸው፤ እሱ በሚስቅበት ቦታ ሳቅሁ። ሳቁ ከእኔ ውስጥ ሲወጣ የእኔ አልነበረም። እህቱ አፏን ይዛ ወደ ግድግዳው ዞረች። ስለ እንሰቱና ስለ ጃርቱ ስጠይቃቸው አሮጊቷ ለእኔ ሳይሆን ለእሱ መለሱለት፤ ጨረሰው፣ ልጄ፣ አንድ አላስተረፈም አሉት። ትንሿ እህቴ ማንበብ ጀመረች ወይ ስል፣ ጀመረች፣ አሁን እሷ ናት ልጆች የምታስተምር አሉት።

ከዚያ የመጨረሻው ቃል ላይ ደረስኩ። ማታ ማታ በሩን አትቆልፊው። ከንፈሬ ላይ ነበር። ዐይኔን ገለጥኩ። እማማ ዘነበች ፊታቸውን ወደ እኔ አስጠግተው ይጠብቃሉ። ያ ዝናብ፣ ያ ሁለት ጓጉንቸር፣ ያ ሳይከፈት የቀረ በር ታየኝ። ቀና ስል ጋሽ መኩሪያ ያየኛል። እሱም ያንን ቃል ያውቀዋል። እሱም ይጠብቃል።

«ይኸው ነው» አልኩ።

ጋሽ መኩሪያ ዐይኑን ወደ ፍሙ መለሰ። ትንሽ ቆይቶ የቀረ ነገር አለ አላቸውና ካሴቱን እስከ መጨረሻው አሳልፎ አጫወተው። አውራ ዶሮው ጮኸ፤ ሴትዮዋ ውኃ መጣ አለች። ይህ ልጅዎ ቁጭ ብሎ ሳለ የተቀረጸ ነው፣ ይህን ሲሰማ እዚያው ነበር አላቸው። ሦስት ጊዜ አስደገሙት። ሲነሡ ካሴቱን ወሰዱት። በሁለት እጃቸው ራሴን ይዘው ግንባሬን ሳሙኝ፤ እኔ ያኔ ማልቀስ ጀመርኩ፤ ለምን እንደማለቅስ ግን የገባቸው አይመስለኝም።

እነሱ ከሄዱ በኋላ ጋሽ መኩሪያ ለምን አስቀረሽው ብሎ ጠየቀኝ። ሰው አንኳኳ ስላሉ አልኩት። እመጣለሁ ብሎ እንደነበር ከሰሙ፣ ሞቶም ቢሆን የመጣው እሱ ነው ይላሉ ብዬ ፈራሁ። እሱ ብዙ ጊዜ ፍሙን ሲቆሰቁስ ቆየና ያላሰብኩትን ነገር ነገረኝ። ያ ካሴት ተልኮ የተመለሰ አልነበረም።

«ነጋዴው ሳይነሣ ይርጋ ሞተ» አለኝ። «ደህና ነኝ፣ እመጣለሁ የሚል የሞተ ሰው ድምፅ ለእናት እንዴት ይላካል? ትጠብቀዋለች ብዬ ፈራሁ። ሳልልከው ቀረሁ። እሷ ለካ ያለ ድምፁም ስትጠብቀው ኖራለች።»

አጠፋሽ ወይም ደግ አደረግሽ አላለኝም። እናቴ መጥታ እጄን ይዛ ወደ ቤት ወሰደችኝ።

በማግስቱም ሄድኩ፣ ጋሽ መኩሪያም እንደ ድሮው ተረት ነገረኝ። ካሴት ግን ከዚያ ወዲህ አጫውቶልኝ አያውቅም። ከጥቂት ወራት በኋላ ያ ሹፌር ሲመለስ እማማ ዘነበች ካሴቱን ማታ ማታ እንደሚሰሙት ነገረን፤ አውራ ዶሮው እስኪደርስ የእኔን መዝሙር ሳያሳልፉ ይሰሙታል፤ ልጅቷ ደህና ናት ወይ ብለውም ጠይቀዋል። በሁለተኛው ዓመት ሞቱ። ጋሽ መኩሪያ የሞተው እኔ ሁለተኛ ደረጃ ስገባ ነው። ዘመድ ስላልነበረው ጎረቤት ተሰብስቦ ቀበረው፤ ዕቃውን ብረት የሚገዙ ሰዎች በጋሪ ጭነው ወሰዱት። ታሪኩን ቁጭ ብሎ የሚሰማ አልነበረም።

ዛሬ የምሠራው አስተርጓሚነት ነው። ከድንበሩ ወዲያ የሚመጡ ሕሙማን ለሐኪም የሚሉትን በስዋሂሊ፣ ሐኪሙ የሚላቸውን በአማርኛና በኦሮምኛ እናገራለሁ። ዘመዶቻቸው አንዳንዴ ይህንን አትንገሪው ብለው ይለምኑኛል። እኔ ግን አንድም ቃል አላስቀርም፤ ከባድ ቢሆንም እናገረዋለሁ። ያኔ ያስቀረሁት ልክ ይሁን ስሕተት እስካሁን አላወቅሁምና፣ እንደዚያ ያለ ሁለተኛ ነገር መሸከም አልፈልግም።

አሁን በዕድሜ ይርጋን እበልጠዋለሁ። እሱ እዚያው በሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ቆሟል። ድምፁ በዓለም ላይ የትም የለም፤ ያለው እኔ ዘንድ ነው። አንዳንድ ቀን ሥራ ላይ ሳለሁ፣ በሰው ፊት፣ ሳል ሲመጣብኝ ሁለት ጊዜ እስላለሁ። ያ ሳል የእሱ ይሁን የእኔ መለየት ካቃተኝ ቆይቷል።